ከፍጥነቱ በፊት ፊደሉ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ከዚያ ወዲህ ጎንደር ውስጥ ማራኪ በተባለው ሰፈር ወዳለችው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቴ ላፕቶፑን ታቅፎ የሚመጣ ሰው «ዊንዶው 11 ጫኚልኝ» ይለኛል። ብዙ ጊዜ የምመልሰው «ይሄ ማሽን አይቀበለውም» ብዬ ነው። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ ወዲህ የተሠራ ፕሮሰሰርና ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል። ስምንተኛው ትውልድ ገበያ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። እኔ ዘንድ የሚመጡት ደግሞ «ስላይትሊ ዩዝድ» ተብለው የተገዙ፣ ሌላ አገር መሥሪያ ቤት ውስጥ ዓመታት ያገለገሉ ዴል፣ ኤችፒና ቶሺባ ናቸው። ፍተሻውን አታልሎ ዊንዶውስ 11ን በግድ የሚያስገባ ዘዴ መኖሩን አውቃለሁ፤ ለደንበኛ ግን አላደርገውም። እንዲህ ለተጫነ ኮምፒውተር ማሻሻያ እንደሚደርሰው ማይክሮሶፍት ዋስትና አይሰጥም።

ድጋፉ ቆመ ማለት ኮምፒውተሩ ሞተ ማለት አይደለም። ነገም ይነሣል፣ ይጽፋል፣ ፊልም ያጫውታል። የሚቀርበት አዲስ የሚገኙ የደኅንነት ቀዳዳዎችን የሚደፍነው ማሻሻያ ነው። ኢንተርኔት ለሚጠቀም፣ ባንኩን በኮምፒውተር ለሚከፍት ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን እኔ የማቀርበው ሊኑክስን ነው። የፊንላንድ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሄልሲንኪ ሆኖ የጀመረው ነው። በዋናው ክፍል ላይ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ባለሙያዎች ይሠሩበታል፤ በዚያ ላይ እየገነቡ ኡቡንቱ፣ ሚንት፣ ዴቢያን የሚሉ ስሞች ያሏቸው የተሟሉ ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች ያዘጋጁልናል። እነዚህን ማውረድ፣ መጫን፣ ለጎረቤት መስጠት በሕግ የተፈቀደና ያለ ክፍያ ነው። በየሱቁ ፈቃድ የሌለው ዊንዶውስ በ«ክራክ» እየተጫነ፣ ከክራኩ ጋር ቫይረስ ወደየቤቱ ሲገባ ስላየሁ ይህ ለእኔ ትልቅ ጉዳይ ነው።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ይፈጥናል ወይ?» ብሎ ነው። እኔ ደግሞ «በአማርኛ የጻፍከው ነገር አለህ ወይ? በምን ጻፍከው?» እላለሁ። ለእኛ አገር ሰው ምርጫው የሚጀምረው ከዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። በውጭ ቋንቋ የተጻፈ መመሪያ ግን ይህን አያነሣም።

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው። ቤታቸው ያለው ዴል ኦፕቲፕሌክስ 780፣ ባለ ኮር ቱ ዱዎ ፕሮሰሰርና ባለ 4 ጊጋባይት ራም ነው። ለመነሣት ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል፣ ሁለት ነገር አንድ ላይ ከተከፈተበት ይደርቃል።

«ልጄ፣ ፍጥነቱ ቢቀርስ ግድ የለኝም፤ ጽሑፌ ነው የሚያሳስበኝ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ የምናየው እሱን ነው» አልኳቸው።

ስለ ጎንደር አድባራት ለዓመታት የሰበሰቡት ጽሑፍ የተጻፈው ቪዥዋል ግዕዝ በተባለው የድሮ የአማርኛ ፎንት ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የሶፍትዌር ሠሪ ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ በመሰለው ቅደም ተከተል ያሰፍር ነበር። በእንደዚህ ዓይነት ፎንት የተጻፈ ሰነድ ውስጥ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲን ምልክቶችን ብቻ ነው፤ አማርኛ ሆኖ የሚታየን ፎንቱ ስላለ ነው። ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ዝርዝር ይሆናል። ብዙ ሰው «ሊኑክስ ጽሑፌን አበላሸብኝ» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ጽሑፉ ግን አልተነካም።

ስለዚህ ማንም «ፎርማት» የሚለውን ቃል ከማንሣቱ በፊት ሰነዶቹ ብቻ ሳይሆኑ ዊንዶውስ ውስጥ «ፎንትስ» በሚለው አቃፊ ያሉት የቪዥዋል ግዕዝና የድሮው ፓወር ግዕዝ ፎንቶች ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ አለባቸው። ሊኑክስ ላይ መልሰን ስንጭናቸው ሊብሬ ኦፊስ የጋሼን ጽሑፍ በአማርኛ ከፈተው። ከዚያ እያንዳንዱን ሰነድ ፒዲኤፍ አድርገን አስቀመጥን። በአሮጌ ፎንት የተጻፉ የወርድ ሰነዶችን ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ነፃ መሣሪያዎችም አሉ፤ ከተቀየረ በኋላ ጽሑፉ ስልክ ላይም ይነበባል፣ በቃል ተፈልጎም ይገኛል። ሥራው አድካሚ ነው፤ የተቀየረውን ከዋናው ጋር ገጽ በገጽ ማስተያየት ያስፈልጋል። እኔ ግን ኮምፒውተር ከመቀየር ጋር ከሚመጡ ሥራዎች ሁሉ ከዚህ የበለጠ ዋጋ ያለው አላውቅም።

አዲስ ለመጻፍ ፓወር ግዕዝን እንደ ዊንዶውሱ ሊኑክስ ላይ አታገኙትም። በምትኩ ኪማን የተባለው ነፃ የኪቦርድ ፕሮግራም ለሊኑክስም ተሠርቷል። ከዚያ ውጭ አይባስ በሚባለው የሊኑክስ መጻፊያ ውስጥ ሴራ በተባለው ሥርዓት የሚሠራ የአማርኛ ኪቦርድ አለ። በላቲን ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ስትመቱ «ሰላም» ይጻፋል፤ «ሽ» በኤክስ፣ «ጥ» በትልቁ ቲ ይመጣል። ጋሼ በፍጥነት ለመዱት። ዊንዶውስ ላይ የምናውቀው ኒያላ ፎንት ግን ከሊኑክስ ጋር አይመጣም፤ ኖቶ ወይም አቢሲኒካ ይተካዋል። ፎንቱ ሲለወጥ የመስመሩ ስፋት ስለሚለወጥ ገጽ ይገፋል። የመመረቂያ ጽሑፍ ለምታዘጋጁ የዩኒቨርሲቲያችን ተማሪዎች ይህ ራስ ምታት ነው፤ ወደ ማተሚያ የሚሄደውን ሁልጊዜ በፒዲኤፍ አምጡልኝ።

ከሊኑክሶቹ የትኛው? 4 ጊጋባይት ራምና ከዚያ በላይ ላለው እኔ የምጭነው ሊኑክስ ሚንትን ነው፤ በተለይ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለ ገጽታ። ከዊንዶውስ ለመጣ ሰው ማስጀመሪያው ከታች በስተግራ፣ ሰዓቱ በስተቀኝ ነው፤ የሚያደናግር ነገር የለውም። ሚንት 22 እስከ እ.ኤ.አ. 2029 ድረስ ማሻሻያ ያገኛል። ራሙ 2 ጊጋባይት ብቻ ከሆነ ሉቡንቱ ይሻላል፤ በጣም ላረጁት ባለ 32 ቢቶቹ ደግሞ አንቲኤክስ። ዴቢያን እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው 13ኛው እትሙ 32 ቢት ኮምፒውተር ላይ የሚጫነውን ስላቆመ የእነዚህ ማሽኖች ምርጫ እየጠበበ ነው። በ2 ጊጋባይት ራም የዛሬው ዩቲዩብና ፌስቡክ የትኛውም ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ ቀርፋፋ መሆናቸውን ሳልናገር አልሸኝም፤ ክብደቱ ያለው ገጾቹ ላይ ነው።

የጎግልን ክሮም ኦኤስ ፍሌክስ የሚመክሩ አሉ። ቀላልና ፈጣን ነው፤ የተሠራው ግን ሁሉን ነገር በኢንተርኔት ለሚሠራ ሰው ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ የነበረበትን ጊዜ የኖርን ሰዎች ነን። ኔትወርክ ሲጠፋ ጽሑፉንና ሥራውን ይዞ የሚቀጥል ማሽን ያስፈልገናል። ሚንት ከሊብሬ ኦፊስ ጋር ተጭኖ ስለሚመጣ ከአንድ ፍላሽ ተነሥቶ ያለ ምንም ኔትወርክ ለሥራ ይደርሳል።

የወንድሜ ልጅ በሰሜን ተራሮች አካባቢ ጃን አሞራ ውስጥ ያስተምራል። ለእሱ ላፕቶፕ ሳዘጋጅ ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ በፊት ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ቀየርኩለት። በአሮጌው ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚያነበው ክንድ በሚሽከረከረው ሳህን ላይ የሚንሳፈፈው በቀጭን የአየር ንጣፍ ነው። ለዚህም ነው አምራቾች ለብዙዎቹ ሃርድ ዲስኮች 3,048 ሜትር ከፍታን እንደ ሥራ ገደብ የሚጽፉት። ጎንደር ከተማም ደባርቅም ከዚህ በታች ናቸው፤ ከደባርቅ አልፎ ወደ ሰሜን ተራሮች ሲወጣ ግን ከገደቡ በላይ የሚኖር ብዙ ወገን አለ። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ይህ አያሳስበውም። ደጋ ላይ ለሌላችሁትም ቢሆን አሮጌ ማሽን ላይ ትልቁን የፍጥነት ለውጥ የሚያመጣው ኤስኤስዲ ነው፤ ገንዘብ ካለ መጀመሪያ እሱ ላይ ይዋል።

ሌላው ሊኑክስን የምወድበት ምክንያት የፍላሽ ነገር ነው። በየጽሕፈት ቤቱ የሚዞረው የሾርትከት ቫይረስ ፋይሎቹን ይደብቅና በቦታቸው የሐሰት ምልክት ያስቀምጣል። ለዊንዶውስ የተጻፈ ስለሆነ ሊኑክስ ላይ አይነሣም፤ ዊንዶውስ ላይ የተደበቁት ፋይሎችም እዚያ በግልጽ ይታያሉ። ተማሪ እያለቀሰ ያመጣውን ፍላሽ ሊኑክስ ላይ ሰክቼ ሥራውን በሙሉ መልሼለት አውቃለሁ።

ሊኑክስን መጫን የሌለባቸውም አሉ። መተዳደሪያችሁ ፒችትሪ የተባለው የሂሳብ ፕሮግራም ከሆነ ዊንዶውስን አትልቀቁ፤ ሊኑክስ ላይ በደንብ እንዲሠራ ማድረግ ትግል ነው፣ የድርጅት ሂሳብ ደግሞ ለትግል አይሰጥም። ማይክሮሶፍት ለግል ተጠቃሚዎች የዊንዶውስ 10ን የደኅንነት ማሻሻያ ለተጨማሪ አንድ ዓመት፣ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚያራዝም አገልግሎት አቅርቧል፤ ትክክለኛ ዊንዶውስና የማይክሮሶፍት አካውንት ላለው ሰው አዲስ ማሽን እስኪገዛ ጊዜ ይሰጠዋል።

ለቀራችሁት፣ ሳይጫን መሞከር ይቻላል። ሚንት ወደ 3 ጊጋባይት ስለሚጠጋ በሌሊት ጥቅል አውርዱትና ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም ባለ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ጻፉት። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ 12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9 ተጫኑና ፍላሹን ምረጡ። ሃርድ ዲስኩን ሳይነካ ሙሉው ሥርዓት ይከፈታል። ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ከሁሉ በላይ ፕሪንተራችሁን እዚያው ፈትኑ፤ አንዳንድ የካነን ፕሪንተሮች ከአምራቹ የሚወርድ ድራይቨር ይፈልጋሉ። ከዚያ ወደ እኔም ሆነ ወደ ሌላ ባለሙያ ስትሄዱ ፋይሎቻችሁንና ፎንቶቻችሁን በሌላ ዲስክ ገልብጣችሁ ያዙ። ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ካላችሁ ደግሞ መብራት በማይቆራረጥበት ሰዓት አምጡት፤ መጫኑ መሃል ላይ ከጠፋ ሥራው እንደገና ከመጀመሪያው ነው።