ኢሺና ሐኪሙ፤ ከጥድና ከጅማት ስለሚሠራ ቀስት

ከአንድ የጥድ ቅርንጫፍና ከአጋዘን ጅማት የተሠራ፥ ሚስማር ያልገባበት ቀስት ፍላጻውን እስከ 180 ሜትር ያህል ይወረውራል ቢባል፥ ነገሩን ያልመረመረ ሰው ተረት ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን እናቶቻችን ጥጥ ሲነድፉበት የኖሩትን ደጋን ያየ ሰው ሁሉ የሥራውን መሠረት ያውቀዋል። እንጨቱ ሲለመጥ ኃይል ያጠራቅማል፤ አውታሩ ሲለቀቅ ያንኑ ኃይል መልሶ ይሰጣል። ለጥጥ ቀላል ደጋን ይበቃል። አውሬ የሚጥል ቀስት ለመሥራት ግን እንጨት መርጦ፥ አድርቆ፥ ጅማት አልብሶ ብዙ ወር መታገሥ ያስፈልጋል። ይህን ሙያ በአንድ ሕዝብ ዘንድ ከአንድ ሰው በቀር የሚያውቀው በጠፋ ጊዜ፥ ወደ ሌላ ሰው እጅ እንዴት እንደ ተላለፈ ለውድ አንባቢዎቻችን ልንተርክ አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ1911 ዓመት፥ በኦገስት ወር በ29ኛው ቀን፥ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ክፍል ኦሮቪል በምትባል ከተማ አጠገብ፥ ከአንድ የከብት ማረጃ ግቢ ውስጥ የተራበና የደከመ ሰው ተገኘ። ቋንቋውን የሚያውቅ አልነበረም። የአውራጃው የፖሊስ ሹም ሌላ የሚያኖርበት ስፍራ ስላጣ በእስር ቤት አስቀመጠው። ወሬውን ሰምቶ ከሳን ፍራንሲስኮ የመጣው የዩኒቨርሲቲ መምህር ዋተርማን፥ የያና ሕዝብ ቃላት የተጻፉበትን ወረቀት ይዞ ከአጠገቡ ተቀመጠና አንድ በአንድ ያነብለት ጀመር። ሰውየው ዝም አለ። በመጨረሻ ግን አልጋው የተሠራበትን እንጨት በእጁ እየመታ የዛፉን ስም በያና ቋንቋ ቢጠራለት የሰውየው ፊት በራ። እንግዲህ ሁለቱ መጀመሪያ የተግባቡበት ቃል የእንጨት ስም ነበረ።

ይህ ሰው ያሂ ከሚባለው የያና ሕዝብ ወገን ነው። አገራቸው ከላሰን ተራራ ግርጌ፥ ሚል ክሪክና ዲር ክሪክ የሚባሉት ወንዞች የሚወርዱበት ሸለቆ ነበረ። ወርቅና መሬት ፍለጋ የመጡት ሰፋሪዎች በ1850ዎቹና በ1860ዎቹ ዓመቶች ወንድ ከሴት፥ ልጅ ከሽማግሌ ሳይለዩ ይህን ሕዝብ ፈጁት። ከሞት ያመለጡት ጥቂቶች ጢሳቸው እንዳይታይ፥ ዱካቸው እንዳይገኝ እየተጠነቀቁ በገደል ውስጥ አርባ ዓመት ያህል ተሸሸጉ። በ1908 ዓመት መሬት የሚለኩ ሰዎች ድንገት ከመኖሪያቸው ደርሰው ዕቃቸውን ለመታሰቢያ ብለው ይዘውባቸው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ጥቂት ጊዜ ሳይቈይ የቀሩት ዘመዶቹ አለቁና ብቻውን ቀረ። የራስን ስም ለማያውቁት ሰው መናገር በወገኖቹ ዘንድ ነውር ስለ ሆነ እውነተኛ ስሙን ለማንም አልነገረም። የሚጠራበት ስም ቢያስፈልግ ፕሮፌሰር ክሮበር በያና ቋንቋ «ሰው» ማለት የሆነውን «ኢሺ» የሚለውን ስም አወጣለት።

ኢሺ በሳን ፍራንሲስኮ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መዘክር ተቀመጠ። ቤተ መዘክሩ ከሐኪም ቤቱ አጠገብ ስለ ነበረ፥ በ1912 ዓመት በዚያ ማስተማር የጀመረው ኦፕራሲዮን አድራጊው ሐኪም ዶክተር ሳክስተን ፖፕ ተዋወቀው። ኢሺም የሐኪሙን ስም በራሱ አነጋገር «ፖፒ» እያለ ይጠራው ነበር። ሐኪሙ በመጀመሪያ ጤናውን ሊጠብቅለት የቀረበ ነው፤ ቀስት ሲሠራና ሲወረውር ካየው በኋላ ግን ተማሪው ሆነ። ዕረፍት ባገኘ ቍጥር ከአጠገቡ እየተቀመጠ የሚያየውን በዓይኑ ብቻ ሳይሆን በመለኪያም ይመዝን፥ በወረቀትም ይጽፍ ነበር። ከዚህ በታች የምንተርከው የቀስት አሠራር የተገኘው ከዚህ ጽሕፈት ነው።

ኢሺ አብልጦ የሚወደው የተራራ ጥድ ነበረ። በአገራችን በደጋው የሚበቅለው ጥድ የዚሁ ዛፍ የቅርብ ዘመድ ነው። ግንዱን ትቶ ቅርንጫፉን ይመርጣል፤ ቅርንጫፉንም ሰንጥቆ የውጭውን ገጽ የያዘውን ክፋይ ይወስዳል። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነጩ እንጨት የቀስቱ ጀርባ ይሆናል። ጀርባ የምንለው ወደ ዒላማው የሚመለከተውን ወገን ነው፤ ወደ ወርዋሪው የሚመለከተው ደግሞ ሆዱ ነው። ቀስት ሲሳብ ጀርባው ይለጠጣል፥ ሆዱ ይጨመቃል። ስለዚህ የሚለጠጠውን ወገን ጠንቅቆ መምረጥ የሥራው ሁሉ መጀመሪያ ነው።

እንጨቱን መሰንጠቅ በመጋዝ ከመቍረጥ የሚሻልበትም ምክንያት አለ። ስንጥቅ የእንጨቱን ጭረት ተከትሎ ይሄዳል፤ መጋዝ ግን ጭረቱን አቋርጦ ያልፋል። ጭረቱ በጀርባው ላይ ከተቋረጠ ቀስቱ አንድ ቀን ከዚያው ላይ መሰበሩ አይቀርም። ልጆች ከቍጥቋጦ ቀስት ሲሠሩ ለማሳመር ብለው ጀርባውን በቢላዋ ይጠርባሉ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ስበው ሲሰበርባቸውም እንጨቱን ይወቅሳሉ። አባት ወይም ታላቅ ወንድም ጀርባውን እንዳይነኩ፥ የሚጠረበው ሆዱ ብቻ እንደ ሆነ ቢነግራቸው ብዙ ልቅሶ በቀረ ነበር።

የኢሺ ቀስት ረጅም አይደለም። ለትንሽ አውሬ የሚሠራው ከ107 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይጀምራል፤ ለትልቅ አውሬ የሚሠራው እስከ 137 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ወርዱ በክንዶቹ መካከል 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ፥ በእጅ መያዣው ዘንድ ይጠብባል፤ ወደ ጫፎቹም እየቀጠነ ይሄዳል። ቅርጹን የሚያወጣው በመፋቅ ነው። በአገሩ ሳለ ለዚህ ሥራ ድንጋይ ይበቃው ነበር፤ በቤተ መዘክሩ ግን ቢላዋና ሞረድ ስላገኘ በእነዚያ ይሠራ ጀመር። ፍቀቱ በቀስት ሠሪ ሁሉ ዘንድ እጅግ የሚያስፈራ ክፍል ነው። ሁለቱ ክንዶች እኩል መጕበጥ አለባቸው፤ አንዱ ከደረቀ ከዚያው ከደረቀው ሆድ ላይ በጥቂት በጥቂቱ ይፋቃል። አንድ ጊዜ የተፋቀ እንጨት ተመልሶ አይቀጠልምና የቸኰለ ሰው አንዱን ሲያስተካክል ሌላውን እያበላሸ፥ በመጨረሻ ጥጥ መንደፊያ ብቻ የሚሆን ደጋን ይዞ ይቀራል።

ከዚህ በኋላ ጫፎቹን በጋለ ድንጋይ ላይ አሙቆ ወደ ጀርባው በኩል ያጐብጣቸዋል። ቅርጹን እንዳይለቅም ከሌላ እንጨት ጋር አስሮ በጨለማና በደረቅ ስፍራ ያስቀምጠዋል። በዚያ ጥቂት ወሮች፥ አንዳንድ ጊዜም ከዓመት በላይ ይቈያል። ይህ መቈየት ለምን እንደሚያስፈልግ እርጥብ ልምጭ ለምጦ ያየ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እርጥብ እንጨት እንደ ተለመጠ ይቀራል፥ ደረቁ ግን ተመልሶ ይቃናል። ቀስት ደግሞ ዋጋው በመመለሱ ነው።

አሁን ጅማት የማልበሱ ሥራ ይመጣል፤ እኛን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ይህ ነው። መጀመሪያ ሳልሞን የሚባለውን ዓሣ ቆዳ ቀቅሎ ሙጫ ያወጣል፤ ሙጫው በደንብ እንዲይዝለትም የቀስቱን ጀርባ አሻክሮ ይቀባዋል። ሙጫው ሲደርቅ ከአጋዘን እግር የወጣውን ረጅም ጅማት በአፉ ያኝከዋል። ጅማቱ በምራቁና በጥርሱ ለስልሶ እንደ ክር ይለያያል፥ የሚጣበቅም ይሆናል። እነዚህን ክሮች ጫፍ በጫፍ ላይ እያሳለፈ ጀርባውን በሙሉ ወፍራም አድርጎ ያለብሰዋል። አውታሩ በሚታሰርባቸው ጫፎች ላይ ግን እንጨቱን ዙሪያውን ይጠመጥመዋል። ጅማት ከእንጨት ይልቅ ብዙ ተለጥጦ ሳይበጠስ ስለሚመለስ፥ አጭር ቀስት እጅግ ቢሳብም ጀርባው አይሰነጠቅም። እየደረቀ ሲሄድ ደግሞ ይኰማተራልና ጀርባውን ይበልጥ ያጠነክረዋል።

እርጥቡ ጅማት ከእንጨቱ እንዳይላቀቅ ከአኻያ ዛፍ በተላጠ ቀጭን ልጥ ጥብቅ አድርጎ ያስረዋል። ከጥቂት ቀን በኋላ ልጡን ይፈታል፤ የጅማቱን ዳር ያስተካክላል፤ እንደ ገና ሙጫ ይቀባል፤ በአሸዋማ ድንጋይም አሽቶ ያለሰልሰዋል። መያዣውን 10 ሳንቲ ሜትር ያህል በለፋ የአጋዘን ቆዳ ይጠመጥማል። ቀስቱን የሚያኖርበት ሰገባ የተራራ አንበሳ ከሚሉት አውሬ ጅራት ቆዳ የተሠራ ነው።

አውታሩም ከአጋዘን ቀጭን ጅማት ነው፤ ታኝኮ፥ ተፈትሎ፥ ሳይደርቅ በሁለት እንጨት መካከል ተወጥሮ በምራቅ ይታሻል። ርዝመቱ 120 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ቀስቱን በጕልበቱ ላይ ለምጦ አውታሩን ሲያስርበት፥ አውታሩ ከቀስቱ ሆድ 13 ሳንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። ዶክተር ፖፕ መዝኖ እንዳገኘው፥ ይህን ቀስት 66 ሳንቲ ሜትር ያህል ለመሳብ 18 ኪሎ የሚሆን ክብደት የማንሣት ኃይል ይጠይቃል። ኃይሉ ብዙ አይደለም፤ ኢሺ ግን አውሬውን እጅግ ቀርቦ የሚወረውር አዳኝ ስለ ነበረ ከዚህ የበለጠ አላስፈለገውም። ለማደን ሲነሣ አስቀድሞ ገላውን ይታጠባል፤ ሽታው እንዳይገልጠውም ትንባሆ አያጨስም። በክብ ዒላማ ላይ ሐኪሙ በኋላ በልጦት ነበር ይባላል፤ በዱር ግን መምህሩ መምህር ሆኖ ኖረ።

ለቀስት አያያዝም ሕግ ነበረው። አውታሩ ሳይፈታ የተቀመጠ ወይም ቆሞ ያደረ ቀስት ይደክማል፥ ያልበዋልም ይል ነበር፤ ስለዚህ ሥራ ሲፈታ አውታሩ ወልቆ ይጋደማል። ማንም እንዲራመደው፥ ልጅ እንዲጫወትበት፥ ሴትም እንድትነካው አይፈቅድም፤ ከተነካ ፍላጻው ይጠምማል ብሎ ቀስቱን በአሸዋና በውሃ ያጥበዋል። ከእነዚህ አንዳንዱ ከልምድ የመጣ እውነት ነው፤ ተወጥሮ የኖረ እንጨት በእርግጥ ጕልበቱን ያጣል። ስለ ሴት የተናገረውን ግን ደጋን ይዘው ያረጁት እናቶቻችን ይቀበሉታል ብለን አናስብም።

ቀስቱ ለዘፈንም ያገለግለው ነበር። የላይኛውን ጫፍ በአፉ ዳር አድርጎ አውታሩን በቀስታ ሲመታው ጣፋጭ ድምፅ ይሰጣል። በዚህም ድምፅ ፀሐይን በፍላጻ ወግቶ ብርሃኗን ስላጠፋ ኃያል ሰው ይዘፍን ነበር፤ በዘፈኑ ውስጥ ሰዎች ከብርዱ የተነሣ ላባ አብቅለው ወፎች ሆኑ ይባላል።

በ1914 ዓመት በሜይ ወር ኢሺ ከክሮበር፥ ከዋተርማን፥ ከዶክተር ፖፕና 11 ዓመት ከሆነው ከሐኪሙ ልጅ ጋር ወደ ዲር ክሪክ ሸለቆ ተመለሰ። ተሸሽጎ የኖረበትን ስፍራ፥ ያደነበትንም ዱር ለልጁ ጭምር አሳየ። ዘመዶቹ ያለቁበት አገር ነውና መሄዱን በመጀመሪያ አልወደደውም ነበር፤ የሄደውም ወዳጆቹ አጥብቀው ስለ ለመኑት ነው።

ከዚያ በኋላ ጤናው ተበላሸ። በገደል ውስጥ ሲኖር ያልደረሰበት የሳንባ ነቀርሳ በከተማ አገኘው። በ1916 ዓመት ማርች 25 ቀን ሐኪሙ ከአልጋው አጠገብ ሳለ አረፈ። ዶክተር ፖፕ የተማረውን በ1918 ዓመት ስለ ያሂ ሕዝብ የቀስት ሙያ በጻፈው መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1923 ዓመት ደግሞ በቀስት ስለ ማደን ሌላ መጽሐፍ ጻፈ። ለራሱ በኋላ የመረጠው ረጅሙን የእንግሊዝ ቀስት ነው። ቢሆንም ዛሬ በጥድና በጅማት የያሂን ቀስት ለመሥራት የሚነሣ ሰው ሁሉ የሚመለከተው ያንኑ የ1918 ጽሕፈት ነው። ሐኪሙም በ1926 ዓመት ሞተ።

ክሮበር በዚያን ጊዜ በኒው ዮርክ ነበረና፥ አስከሬኑ ለምርመራ እንዳይቀደድ አጥብቆ ጽፎ ነበር፤ ደብዳቤው ግን ዘግይቶ ደረሰ። ምርመራው ተደረገ፥ አንጐሉም ወጣ፤ እሱኑ ክሮበር ራሱ በኋላ ወደ ዋሽንግተን ወደ ስሚትሶንያን ቤተ መዘክር ሰደደው። የሞተውን ሰው ፈቃድ የሚጠይቅለት ዘመድ አልነበረም። ወዳጆቹ በሣጥኑ ውስጥ ከቀስቶቹ አንዱን፥ አምስት ፍላጻ፥ አንድ ቅርጫት የበሉጥ ዱቄት፥ የደረቀ የአጋዘን ሥጋ፥ ዛጐልና ትንባሆ አኖሩለት፤ ሬሳውም በወገኖቹ ልማድ ተቃጠለ። አንጐሉ ያለበት ስፍራ በ1999 ዓመት ታወቀ። በ2000 ዓመት የያና ዘር ያላቸው የሬዲንግ ራንቸሪያና የፒት ሪቨር ሰዎች ተረክበው ከአመዱ ጋር አንድ አድርገው በአገሩ ቀበሩት፤ ቦታውንም ለሌላ ሰው አልነገሩም።