ከዘመመው ግንብ ባሻገር

በኢጣሊያ አገር የምትገኘው የፒዛ ከተማ ስትነሣ በብዙ ሰው አእምሮ የሚመጣው ዘመም ያለው የደወል ግንብ ነው። አብዛኛውም ጎብኚ በቀጥታ ወደ ግንቡ ይገሠግሣል፤ በእጁ የደገፈው መስሎ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ከዚያም ይመለሳል። ከተማይቱን ግን አላያትም።

ግንቡ እ.ኤ.አ. በ1173 ተጀምሮ ገና ሦስተኛው ደርብ ላይ ሲደርስ መዝመም ያዘ። ምክንያቱም የቆመበት መሬት ሸክም የማይችል ለስላሳ ጭቃና አሸዋ ስለሆነ ነው። በአርኖ ወንዝ አቅራቢያ ያለው የቅዱስ ኒኮላ ቤተ ክርስቲያን የደወል ግንብም እንዲሁ ዘምሟል፤ እርሱን ሊደግፍ የሚሞክር ግን እምብዛም የለም።

ከታዋቂው ግንብ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ካምፖሳንቶ የተባለው ጥንታዊ የመቃብር ስፍራ ይገኛል። ግድግዳዎቹ በ14ኛው መቶ ዓመትና ከዚያም በኋላ በተሣሉ ታላላቅ ሥዕሎች የተሸፈኑ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1944 በጦርነቱ ምክንያት እሳት ተነሥቶ የጣራው እርሳስ ቀለጠና በሥዕሎቹ ላይ ወረደ። ባለሙያዎች የተረፈውን ለማዳን የሥዕሉን ገጽ ከግድግዳው ሲልጡ፣ ሠዓሊዎቹ አስቀድመው በቀይ ቀለም የነደፉት ንድፍ ከሥሩ ብቅ አለ። ለሰው ዓይን ያልታሰበው ያ የመጀመሪያ ንድፍ፣ ዛሬ በአደባባዩ ደቡባዊ ጎን ባለው ቤተ መዘክር ይታያል። በእኔ ግምት ከግንቡ ይልቅ ይህ ቤት ረዘም ያለ ሰዓት ሊሰጠው ይገባል።

በአርኖ ዳር ደግሞ ሳንታ ማሪያ ዴላ ስፒና የምትባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። «ስፒና» እሾህ ማለት ነው፤ ከክርስቶስ የእሾህ አክሊል ነው የተባለ አንድ እሾህ ይጠበቅባት ነበርና። ለወንዙ እጅግ ቀርባ ስለ ነበር፣ ከውሃው ለማዳን እ.ኤ.አ. በ1871 ድንጋዮቿ ተፈትተው ከፍ ባለ መሠረት ላይ እንደ ገና ተገነባች።