«ገብስ መቼ አሉኝ?»

ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ጎረቤቴ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ የታሸገ ቆሎ ሰፌድ ላይ ዘርግፋ ትለቅማለች። ሱፉ፣ ሽምብራውና ለውዙ ለልጇ ወደ ሳህን፤ ገብሱ ለራሷ ወደ አፏ። ልጁን «አሜባ ነው፣ ጃርዲያ ነው» እየተባለ ሁለት ዓመት ካመላለሱት በኋላ ሴሊያክ የሚባል፣ ግሉተን በተባለ የእህል ፕሮቲን የሚቀሰቀስ የአንጀት ሕመም ተገኘበት። ዳቦ ካቆመ ወራት አልፈዋል፤ ሆዱ ግን እንደተነፋ ነው።

«እስካሁን ከነገብሱ ነበር የምትሰጪው?» አልኳት።

«አዎ፤ አንቺ ትናንት ስትነግሪኝ ነው መልቀም የጀመርኩት። ስንዴ አይንካ ነው ያሉኝ። ገብስ መቼ አሉኝ?»

«ስንዴ ከሌለው ግሉተን የለውም» የሚለውን እምነት የምጠላው ለዚህ ነው። መነሻው ከንቱ አይደለም። ሆላንዳዊው ሐኪም ዊለም ዲኬ እ.ኤ.አ. በ1944/45ቱ የረሃብ ክረምት ዳቦ ሲጠፋ ሕሙማኑ ልጆች እንደተሻላቸው፣ ዳቦ ሲመለስ ደግሞ እንደባሰባቸው አይቷል፤ ከዚያ ወዲህ የስንዴ ስም ጎላ። ገብስ በበኩሉ በእኛ ዘንድ የእህል ንጉሥ ነው፤ በሶው ለመንገደኛ፣ ገንፎው ለአራስ። አብዛኞቻችንን ምንም አያደርገንም። ሴሊያክ ያለበትን ሰው ሰውነት ግን እንደ ስንዴው ሁሉ በራሱ አንጀት ላይ ያስነሳል። ጤፍ ግሉተን እንደሌለው እውነት ነው። ከዚህች እውነት ተነስተው «የአገራችን እህል ሁሉ ንጹሕ ነው» እያሉ የሚሰብኩትን፣ ገብስ ያለበት ፓኮ ላይም «ግሉተን ፍሪ» የሚለጥፉትን ግን መታገሥ አልችልም።

መልቀሙስ? እሱም አያዋጣም። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ መስፈርት «ከግሉተን ነጻ» ለሚባል ምግብ የሚፈቅደው በኪሎ ከ20 ሚሊግራም ያልበለጠ ነው። 100 ግራም ፓኮ ላይ 2 ሚሊግራም ማለት ነው። አንዲት የገብስ ፍሬ 40 ሚሊግራም ያህል ትመዝናለች፤ ከዚያ ውስጥ ግሉተኑ ወደ 2 ሚሊግራም ይጠጋል። ከዓይን ያመለጡ ሁለት ፍሬዎች ይበቃሉ። ሽምብራው ላይ የተለጠፈው የገብስ ብናኝ ደግሞ ጭራሽ አይለቀምም። ያለ ገብስ የታሸገውም ቢሆን ገብሱ በታመሰበት ምጣድ ከተቆላ፣ በአንድ ወንፊት ከተነፋ፣ ያው ነው።

ይህን ስነግራት «በዛ!» አለችኝ። እኔም «በዐቢይ ጾም ቅቤ በነካ ጭልፋ ሽሮ ታማስያለሽ?» አልኳት።

«ኧረ በስመ አብ!»

ንክኪ ማለት እሱ ነው፤ የጾም ድስት ለይቶ የሚያስቀምጥ ቤት አዲስ ነገር አይማርም።

ሌሎቹን እምነቶች ቶሎ ቶሎ ልበል። «የድንች ቺፕስ ድንች ብቻ ነው»፦ ጨው ብቻ ከሆነ ምናልባት፤ የአይብ ወይም የባርቤኪው ጣዕም ያለው ከሆነ ግን ቅመሙ ውስጥ የስንዴ ዱቄት ወይም ብቅል ሊኖር ይችላል። ብቅል አብዛኛውን ጊዜ ገብስ ነው፤ ማሸጊያ ላይ «ሴሞሊና» ተብሎ የሚጻፈውም ስንዴ ነው። «ሊኖርበት ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ ካልተጻፈ ንጹሕ ነው»፦ ማስጠንቀቂያው በብዙ አገር በአምራቹ ፈቃድ የሚጻፍ ስለሆነ አለመኖሩ ምንም አይነግርም። «የጤፍ ብስኩት ነው»፦ ስንት እጁ ጤፍ? ወፍጮው ከዚያ በፊት ምን ፈጭቷል?

«አጃ አይጎዳም» ለሚል ደግሞ የትኛው አጃ? በገጠር አጃ የሚባለው ራሱ የስንዴ ዘር ነው። ሱፐርማርኬት በካርቶን የሚሸጠው ሌላ እህል ሆኖ ሳለ ማሳና ፋብሪካ ላይ ከስንዴ ጋር ይቀላቀላል፤ ንጹሑም እንኳ የማይስማማቸው ጥቂት ሕሙማን አሉ። «መጀመሪያ ላቁም፣ ከዚያ እመረመራለሁ» የሚለውማ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ግሉተን ያቆመ ሰው ደም ምርመራ ላይ ጤነኛ ሊመስል ይችላል።

ጎረቤቴ አሁን ለልጇ የራሱን ብረት ምጣድ ገዝታለታለች፤ እጀታው ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አድርጋበታለች። ሽምብራውን ከገበያ ስታመጣ መሐሉ የገባ ስንዴና ገብስ እንዳይኖር ለቅማ፣ አጥባ ነው የምትቆላው። የራሷን ገብስ ደጃፍ ላይ ትቆረጥማለች፤ ስትጨርስ እጇን ታጥባ ትገባለች።