«ሳቦ» ስለ ተባለው የፈረንሳይኛ የጫማ ስም ትርጕምና አመጣጥ

«ሳቦ» በፈረንሳይኛ ከአንድ ጕማጅ እንጨት ተፈልፍሎ የሚሠራ ጫማ ነው፤ የገጠር ሰው በጭቃና በርጥበት ወራት ያደርገው ነበር። ሊቃውንት ቃሉ «ሳቫት» (ያረጀ ጫማ) እና «ቦት» ከተባሉ ሁለት ቃላት ተዳቅሎ እንደ ተገኘ ያስረዳሉ። የኢጣልያንኛው «ቻባታ» የ«ሳቫት» ዘመድ ነው።

«ሳቦ» የፈረስ ሰኮናም ስም ነው። ፈረንሳይኛ ይህን ጫማ ከእንስሳ ሰኮና ጋራ ሲያዛምድ፣ አማርኛ «ጫማ»ን ከሰው አካል ጋራ ያዛምዳል፤ ቃሉ የውስጥ እግር ስም ነውና። «ጫማ ሳመ» ሲባል የሚሳመው እግር እንጂ ቆዳ አይደለም፤ በጫማ የሚለካውም ርዝመት ከእግር የተወሰደ ነው።

ከ«ሳቦ» «ሳቦቴ» የሚል ግስ ወጣ። ትርጕሙ በሳቦ ማንኳኳት፣ ኋላም ሥራን በጥድፊያ ማበላሸት ሆነ። «ሳቦታዥ» የተገኘው ከዚሁ ነው። ብዙዎች ቃሉ የመጣው ሠራተኞች ሳቦአቸውን ወደ ፋብሪካ መኪና በመወርወራቸው ነው ይላሉ።

የቃልን ታሪክ ግን ደስ የሚል ወሬ አይወስነውም። ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች በተዘረጋው የከተማ ባቡር መሥመር ላይ «ለገሃር» የተባለ ጣቢያ አለ። ለገጣፎንና ለገዳዲን የሚያውቅ ሰው «ለገ»ን የኦሮምኛው «ወንዝ» አድርጎ ይገምት ይሆናል። ስሙ ግን የፈረንሳይኛው «ላ ጋር»፣ ማለት «ባቡር ጣቢያው» ነው፤ የጅቡቲውም ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። እንደዚሁ ስለ ተወረወረው ሳቦ የሚነገረውን የሚደግፍ የዘመኑ ማስረጃ የለም። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1897 በቱሉዝ በተደረገው የሠራተኞች ማኅበራት ጉባኤ ኤሚል ፑዤና ጓደኞቹ «ሳቦታዥ»ን ያቀረቡት፣ ክፍያው ካነሰ ሥራውም ይነስ በሚል አሳብ ነው።

ቃሉ ወደ አማርኛ «ሳቦታጅ» ተብሎ ቢገባም የተለመደው ፍቺው «አሻጥር» ነው። አሻጥር በስውር የሚሠራ ተንኮል ሲሆን፣ በደርግ ዘመን (1967–1983 ዓ.ም.) «የኢኮኖሚ አሻጥር» ከባድ ክስ ነበር። የቱሉዙ ሳቦታዥ ግን በጉባኤ ፊት በግልጽ ቀርቦ የጸደቀ የትግል ስልት ነው። ስለዚህ የዚያን ጉባኤ ጽሑፍ የሚተረጕም ሰው ያለ ማብራሪያ «አሻጥር» ቢል፣ የሠራተኞቹን የደመወዝ አቤቱታ በአንድ ቃል ወደ ወንጀል ይለውጠዋል።