ኮምፓይለሩ የማያየው መስመር

በደሴና በኮምቦልቻ ኮምፒውተር በሚማሩ ወጣቶች ዘንድ የሚዘዋወር አንድ ወሬ አለ። በሲ ቋንቋ ሲጻፍ ባዶ ቦታ ማብዛት፣ ማብራሪያ ማስገባትና ረጅም ስም መስጠት ፕሮግራሙን ያከብደዋል፣ ያዘገየዋል ይባላል። ከዚሁ ጋር «ኮምፒውተሩ ግድ የማይሰጠውን ነገር እኛ ምን አስጨነቀን?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ወሬው ሐሰት ነው። ጥያቄው ግን ከእውነት ተነስቶ ወደ ስህተት የሚወስድ ስለሆነ ይበልጥ ያሳስበኛል።

ወሬውን ቶሎ እንዝጋው። ኮምፓይለር ማለት የጻፍነውን ኮድ ወደ ማሽን ትእዛዝ የሚቀይረው ፕሮግራም ነው። ገና ሥራውን ሲጀምር እያንዳንዱን ማብራሪያ በአንዲት ባዶ ቦታ ይተካዋል፤ ትእዛዝ ሲያወጣ የመስመር አሰላለፉንም አይቆጥረውም። በፋንክሽን ውስጥ ያለ ቫሪያብል ስሙ አንድ ፊደል ሆነ ሃያ፣ የሚወጣው ትእዛዝ ያው ነው። ከፋይሉ ውጭ የሚታዩ ስሞች በዲስክ ላይ ትንሽ ቦታ ሊይዙ ይችላሉ፤ ስሌቱን ግን አያዘገዩም። ስም የማሳጠር ልማድ የመጣው ከድሮ ገደብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የሲ መስፈርት ከፋይል ውጭ ለሚታይ ስም ዋስትና የሰጠው ለመጀመሪያዎቹ 6 ፊደላት ብቻ ነበር። የ1999ኙ መስፈርት ወደ 31 አሳደገው። ያ ጠባብ ገደብ ተነስቷል፤ ልማዱ ብቻ ቀርቷል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ኮምፓይለሩ አሰላለፍን አለማየቱ፣ አሰላለፍ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። እንዲያውም ኮምፓይለሩ ሊይዛቸው የማይችላቸውን ስህተቶች የሰው ዓይን የሚይዘው በአሰላለፍ ነው። ለዚህ ከአማርኛ ጽሕፈት የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ጂቲኬ የሚባለውን የሲ ቤተ መጻሕፍት እንውሰድ። መስኮት፣ ቁልፍና የጽሑፍ ሳጥን ለሚያስፈልጋቸው የዴስክቶፕ ፕሮግራሞች መሥሪያ ነው። የተወለደው ጊምፕ ከተባለው የሥዕል ማረሚያ ፕሮግራም ሲሆን፣ ያንን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት ስፔንሰር ኪምቦልና ፒተር ማቲስ ናቸው። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ 3.0 ላይ ሲገባ ለእያንዳንዱ ፊደል ቋሚ ቁጥር ተሰጠው። ከዚያ በኋላ በጂቲኬ 2 ውስጥ ከትግርኛ መጻፊያ ፋይሎች ጎን የአማርኛ መጻፊያ ፋይልም ተካተተ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ኤች ከዚያም ኦ ሲነካ «ሆ» ይወጣል።

በዚህ ዓይነቱ ፋይል ውስጥ ያለው ትልቁ ነገር የቁጥሮች ሰንጠረዥ ነው። እያንዳንዱ ረድፍ በመጀመሪያ የሚነኩትን ቁልፎች ይይዛል፤ ቁልፎቹ ካነሱ ቀሪው ቦታ በዜሮ ይሞላል። መጨረሻ ላይ ሁለት ቁጥሮች ይመጣሉ፤ የፊደሉ የዩኒኮድ ቁጥር ለሁለት ተከፍሎ የላይኛውና የታችኛው ክፍል ማለት ነው። ቢበዛ 4 ቁልፍ የሚፈቅድ ሰንጠረዥ ብንሠራ እያንዳንዱ ረድፍ 6 ቁጥር ይኖረዋል። የ«ሆ» ረድፍ እንዲህ ይነበባል፦ ኤች፣ ኦ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ 4614።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ለኮምፓይለሩ ይህ ሰንጠረዥ ሳይሆን አንድ ረጅም የቁጥር ሰልፍ ነው። አንዱ ረድፍ የት እንዳበቃና ቀጣዩ የት እንደጀመረ የሚነግረው ነገር የለም። የፊደል ገበታውን ከሀ እስከ ፐ በአንድ መስመር ቀጥቅጦ ለልጅ እንደመስጠት ነው፤ ሰባት ሰባት እየቆጠረ ካልሄደ በቀር የትኛው ፊደል የየትኛው ቤት እንደሆነ አያውቅም፤ አንድ ፊደል ከተዘለለ ደግሞ ከዚያ በኋላ ያለው ቆጠራ ሁሉ ይፈርሳል።

እስቲ ከ«ሆ» ረድፍ አንዲት ዜሮ ትጉደል። 4614 አንድ ቦታ ወደ ግራ ይመጣና የላይኛው ክፍል ይሆናል። በታችኛው ክፍል ቦታ የቀጣዩ ረድፍ የመጀመሪያ ቁልፍ ይገባል። የሚወጣው ቁጥር በዩኒኮድ ውስጥ የሌለ ነው። ቀጣዩ ረድፍ ከሁለተኛ ቁልፉ ይጀምራል፤ ከእሱ በኋላ ያለው ሁሉ በአንድ ይንሸራተታል። የረድፎች ብዛት የሚሰላው ጠቅላላውን ለ6 በማካፈል ነው፤ በሲ ውስጥ የሙሉ ቁጥር ክፍፍል ቀሪውን ስለሚጥል ብዛቱ በአንድ አንሶ ያልፋል። ኮምፓይለሩ አንዲት ቃል አይናገርም።

ይባስ ብሎ ጂቲኬ ሰንጠረዡን የሚፈልገው ከላይ ወደ ታች ሳይሆን በግማሽ እየከፈለ ነው፤ ረድፎቹ በቁልፎቹ ቁጥር ቅደም ተከተል መደርደራቸውን አምኖ መሃል ላይ ይወርዳል፣ ከዚያም ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይሄዳል። መሃሉ ከተንሸራተተ ወደ የት እንደሚሄድ ይሳሳታል። ስለዚህ አንዱ ፊደል ላይ የተሠራ ስህተት ከፊቱ ያለውን ጤነኛ ፊደልም ሊያሳጣ ይችላል። ጠፋ የተባለውን ፊደል ረድፍ ብትመረምሩት ምንም እንከን አታገኙበትም።

መድኃኒቱ «አንድ ረድፍ በአንድ መስመር፣ ዓምዶቹ የተሰለፉ፣ በመስመሩ ጫፍ ላይ የፊደሉ ስም በማብራሪያ» የሚል ደንብ ነው። ይህን ደንብ የጠበቀ ፋይል ላይ የጎደለች ዜሮ እንደወለቀ ጥርስ ትታያለች። ኮድን በራሳቸው የሚያሰልፉ መሣሪያዎች ጥሩ ናቸው፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ ካገኙ መስመሩ እስኪሞላ ቁጥሮቹን አጣብቀው ረድፉን ሊያጠፉት ይችላሉ። በዚያ ቦታ ላይ መሣሪያውን ማጥፋት የደንቡ አካል መሆን አለበት።

ሁለተኛው ምሳሌ ከቫሪያብል አሰያየም ነው። የደሴዋ «ሆጤ» ሁለት ፊደል ናት። ዩቲኤፍ-8 በተባለው አቀማመጥ ግን እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ስለሚይዝ 6 ባይት ትሆናለች፤ የስትሪንግ ማብቂያው ሲጨመር 7። «ኮምቦልቻ» 5 ፊደል፣ 15 ባይት፣ ከማብቂያው ጋር 16 ነው። «ርዝመት» የሚል ቫሪያብል ያየ ፕሮግራመር 12 ባይት ሳጥን ለ5 ፊደል ይበቃል ብሎ ከሳጥኑ በማያልፍ መገልበጫ ቢያስገባው፣ አንዱ ለማብቂያው ቀርቶ 11 ባይት ይገለበጣል፤ ሦስት ፊደል ሙሉ ይሆንና የ«ል» ሁለት ሦስተኛ ብቻ ይቀራል። ጽሑፉን ወደ ሥዕል የሚለውጠው ፓንጎ ሲደርሰው ትክክለኛ ዩቲኤፍ-8 አይደለም ብሎ ያስጠነቅቃል። ቫሪያብሉ «የባይት ብዛት» ወይም «የፊደል ብዛት» ተብሎ ቢሰየም ኖሮ ስህተቱ ገና ሲጻፍ ይታይ ነበር። በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ የሚሠራ ሰው ሁለቱ ቁጥሮች ስለሚገጥሙለት ይህን ላያስተውለው ይችላል፤ እኛ ግን ልንዘነጋው አንችልም።

ጉዳዩ የአማርኛ ብቻ እንዳይመስል፦ በየካቲት 2014 እ.ኤ.አ. አፕል በአይፎንና በማክ ላይ ያለውን የኢንተርኔት ምስጢር መጠበቂያ በጥድፊያ አርሟል። ምክንያቱ ሁለት ጊዜ የተጻፈ አንድ የዝለል ትእዛዝ ነበር። ከላዩ ያለው ቅድመ ሁኔታ ጥምዝ ቅንፍ ስላልነበረው የሚገዛው የመጀመሪያውን ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ገባ ተደርጎ ስለተጻፈ ለዓይን አብሮት ያለ መሰለ፤ በተግባር ግን ሁልጊዜ ይፈጸምና የዲጂታል ፊርማውን ማረጋገጫ ያዘልላል። አሰላለፍ የሚወጣውን ትእዛዝ ባይለውጥም፣ ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር በ2016 እ.ኤ.አ. ስድስተኛ እትሙ ላይ ለእንዲህ ያለ አሳሳች አሰላለፍ ማስጠንቀቂያ ጨመረ።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ቅንፉ በዚያው መስመር ይሁን በሚቀጥለው፣ ወደ ውስጥ መግቢያው 2 ባዶ ቦታ ይሁን 8 የሚለው ክርክር አሸናፊ የለውም። የጂኤንዩ ፕሮጀክት 2 ይላል፤ የሊኑክስ ከርነል 8። ከርኒገንና ሪቺ በ1978 እ.ኤ.አ. ስለ ሲ ባወጡት መጽሐፋቸው የቅንፍ ቦታ ዋና ነገር እንዳልሆነ፣ ይልቁንስ የመረጡትን ሳያቋርጡ መጠቀም እንደሚገባ ተናግረዋል። ደንብ ስህተትን ሁሉ ይከላከላልም አልልም። ቋንቋው ራሱ ሊጠብቀው የሚችለውን ለደንብ መተው ስንፍና ነው። ከላይ ያለው ሰንጠረዥ እያንዳንዱ ረድፍ በራሱ ቅንፍ ውስጥ ያለ ስትራክት የተባለ መዋቅር ቢሆን፣ ቁልፎቹም በውስጡ የራሳቸው ቅንፍ ቢኖራቸው ኖሮ፣ የጎደለው የቁልፍ ቦታ በዜሮ ይሞላል፤ ለተረፈው ደግሞ ኮምፓይለሩ ይጮሃል። ደንብ የሚያስፈልገው ቋንቋው በማይደርስበት ቦታ ነው፤ በሲ ውስጥ ይህ ቦታ ሰፊ ነው።

ስለዚህ በወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴ ግቢው ይሁን በኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ተቋሙ በቡድን የዴስክቶፕ ፕሮግራም ለምትጀምሩ፣ የመጀመሪያውን ስብሰባ በቅንፍ ክርክር አትጨርሱት። ሦስት ጥያቄ በጽሑፍ መልሱ፦ ይህ ቁጥር ባይት ነው ወይስ ፊደል? የተሰጠንን ስትሪንግ ከማህደረ ትውስታ የማስለቀቅ ኃላፊነት፣ ቋንቋው ስለማይነግረን፣ የማን ነው? የሰንጠረዥ ረድፍ የት ያበቃል? የቅንፉን ቦታ ከዚያ በኋላ በዕጣም ብትወስኑት ፕሮግራማችሁ አይጎዳም።