አስታራቂነት አማና ነው

በዛሬው ዝግጅታችን የየቤታችንን ደጅ ስለሚያንኳኳ ጉዳይ እንነጋገራለን። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ በከተማም በገጠርም፣ ሰው ሲጣላ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚፈለገው ሽማግሌ ነው። የባልና የሚስት ጠብ፣ የእርሻ ድንበር፣ የብድር ሒሳብ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ለሽማግሌ ይነገራል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልላችን የትጥቅ ግጭት ስለገጠመው ደግሞ ትንሿ ጭቅጭቅ ወደ ደም እንዳትሄድ የአስታራቂው ኃላፊነት ከብዷል። ታዲያ ለሽምግልና የተጠራ ሰው ምን ሊያውቅ ይገባዋል?

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 9 የተጋጩ ምእመናንን እንድናስታርቅ አዞናል። አስታርቁ ብሎ ብቻ ግን አላበቃም፤ ዕርቁ በፍትሕ እንዲሆን አዟል። ብዙ ሽምግልና የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ጩኸቱ ስለበረደ ታርቀዋል ብለን እንነሳለን፤ የተበደለው ግን ሐቁን ሳያገኝ ሽማግሌ አፍሮ ዝም ብሏል። አባቶቻችን «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይላሉ። እንዲህ ያለው ዕርቅ ለከርሞ የተቀጠረ ጠብ ነው።

መታመን ይቀድማል

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ነቢይነት ሳይመጣላቸው፣ በ35 ዓመታቸው፣ ቁረይሾች ካዕባን ሲያድሱ ጥቁሩን ድንጋይ ማን ያኑር በሚል ሊዋጉ ተቃርበው ነበር። መጀመሪያ በሚገባው ሰው ለመዳኘት ተስማሙ፤ የገቡትም እርሳቸው ሆኑ። ድንጋዩን በጨርቅ ላይ አድርገው የየጎሣው ሰው ጫፍ ጫፉን ይዞ እንዲያነሳ አደረጉ፤ ከዚያም በእጃቸው አኖሩት። ማንም ተዋርዶ አልተመለሰም። ቁረይሾች በደስታ የተቀበሏቸው ግን ቀድሞውኑ ታማኙ እያሉ ስለሚጠሯቸው ነበር። እኛም በንግዳችንና በቃላችን ካልታመንን በሽምግልና ወንበር ላይ መታመን አንችልም። የአንዱን ቤት ቡና ጠጥቶ የሌላውን ደጅ ያልረገጠ፣ ስጦታ የተቀበለ፣ የሰማውን ገበያ ያወጣ ሽማግሌ አማናውን አጉድሏል።

ሁለቱንም መስማት

ዐሊይ (ረ.ዐ.) ለዳኝነት ወደ የመን ሲላኩ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሁለተኛውን ወገን ሳይሰሙ እንዳይፈርዱ መክረዋቸዋል። ስለዚህ እያንዳንዱን ሳናቋርጥ እንስማ፤ የሰማነውንም መልሰን «እንዲህ ነው ያልከው?» ብለን እንጠይቅ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ነውና ዛሬ የተነሳው ጠብ የአምናው ቂም ሊሆን ይችላል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የቡሬና የአካባቢው ገጠር በበርበሬ ይታወቃል። ነጋዴው በክረምት ለገበሬው ገንዘብ ሰጠ እንበል፤ ምርቱ ሲደርስ ዋጋው ጨመረና ገበሬው ለሌላ ሸጠ። አንዱ «ከዳኝ» ይላል፤ ሌላው «የወሰድኩት ብድር ነው» ይላል። አስታራቂው ከመውቀሱ በፊት ይጠይቅ፦ ስንት ብር ተሰጠ? ስንት ኪሎ ተባለ? መቼ? ማን አየ? ገንዘቡ ብድር ከሆነ ደግሞ «ስላዘገየ ጨምሮ ይክፈል» ማለት ወለድ ነው። ሐራምን ሐላል የሚያደርግ ዕርቅ እንደማይጸና በሐዲስ ተነግሮናል። ገበሬው ክርስቲያን ጎረቤታችን ከሆነ እርሱ የሚያምናቸው ሽማግሌዎችም አብረው ይቀመጡ። በወሎ የአበጋሮች ሽምግልና ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን በአንድነት ሲያስታርቅ የኖረው በዚህ መንገድ ነው።

የባልና የሚስት ጉዳይ

ሱረቱ አን-ኒሳእ አንቀጽ 35 ከባል ቤተሰብ አንድ፣ ከሚስት ቤተሰብ አንድ ሸምጋይ እንዲላክ ያዛል። የባልን ወገኖች ብቻ ሰብስቦ «ቻይው» ማለት ይህን ትእዛዝ መዘንጋት ነው። ሴቲቱ በወንዶች ፊት መናገር ትፈራ ይሆናል፤ የምታምናት አክስት ወይም እህት አብራት ተቀምጣ እንስማት። መህሯንም ሆነ የንብረት ድርሻዋን ለሰላም ሲባል ተይ ብለን አንጫናት፤ በገዛ ፈቃዷ ከተወች ሌላ ነገር ነው። በክልላችን ገጠር የባልና የሚስት የጋራ መሬት ደብተር ላይ የሁለቱም ስም ይጻፋል፤ ስለዚህ የድንበር ስምምነት ሲደረግ ሚስትም ትጠየቅ። ነገሩ ሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚደርስ ከሆነም የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 የሁለቱንም ወገኖች ፈቃድ ይጠይቃል።

ከሽማግሌ አቅም በላይ የሆነ

ድብደባ፣ አስገድዶ መድፈር፣ ጠለፋ ሲያጋጥም ጉዳዩን በሽምግልና ሸፍኖ ማስቀረት አይገባም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ማግባቱ ከተጠያቂነት እንደማያድነው ደንግጓል። ከ18 ዓመት በታች የሆነችን ልጅ ድሮም ዕርቅ ማሰሪያ ማድረግ ግፍ ነው። እዚህ ላይ የሽማግሌው ሥራ የተጎዳችውን መጠበቅ፣ ወደ ሕግና ወደ ሕክምና ማድረስ፣ ዘመድ ለበቀል እንዳይነሳ ማረጋጋት ነው።

ስምምነቱን መቋጨት

ሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 282 የጊዜ ቀጠሮ ያለው ዕዳ እንዲጻፍና ምስክር እንዲቆምለት ያዛል። የዕርቅ ስምምነትም እንዲሁ ይጻፍ፤ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ እንደሚፈጽም ይገለጽ፤ ዋስ ይጠራ፤ ለሁለቱም ይነበብ፤ ይፈረም። ከወር በኋላ ተመልሰን «እንዴት ሆናችሁ?» ብለን እንጠይቅ። ከዚያ በፊት ሥራው አላለቀም።

ቤተሰቦቻችን ሆይ፣ ልጆቻችን ይህን የሚማሩት ከእኛ ነው። ሁለት ወንድማማቾች ሲጣሉ አንዱን ብቻ ሰምተን ሌላውን ከቀጣን ማዳላትን አስተምረናል፤ ሁለቱንም ሰምተን የተበደለውን ከካስን ግን የነገውን አስታራቂ አሳድገናል። ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው፤ መንገዱም የሚቀናው በሐቅ ነው። አላህ ልባችንን ያስማማ፣ ለአገራችንም ሰላሙን ያውርድ። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ።