ውርንጭላን ሳይነክስ አፍሳር ስለ ማስለመድ

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ሲሉ አበው ተናግረዋል። ይሁን እንጂ ፈረስ ባለቤቱን ከሚሄድበት የሚያደርሰው አስቀድሞ ራሱን ለሰው እጅ መስጠት ሲለምድ ነው። ይህም ልማድ የሚጀምረው ልጓም ከመጉረሱና ኮርቻ ከመሸከሙ አስቀድሞ፣ ገና ከእናቱ ጋር ሳለ፣ አፍሳር በሚያጠልቅበት ጊዜ ነው። አፍሳር ማለት ወደ አፍ የሚገባ ብረት የሌለው፣ ከአፍንጫ በላይና ከጆሮ ኋላ ዞሮ የሚታሰር የራስ ማሰሪያ ነው።

ፈረስ በአገራችን ያለው ክብር ለማንም የተሰወረ አይደለም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ከተማ የሚያከብረው በዓል ለዚህ ምስክር ነው። በብዙ ከተሞችም ጋሪ የሚስበው ፈረስ የቤተ ሰብ እንጀራ ነው። እንግዲህ ውርንጭላው ተናካሽ ሆኖ ቢያድግ ጉዳቱ ብዙ ነው፤ ልጆችን ያቆስላል፣ በዱላ ይመታል፣ በርካሽ ዋጋ ይሸጣል። ከሁሉም የሚከፋው ግን አፍሳር የማይቀበል ፈረስ ለክትባት ሊያዝ አለመቻሉ ነው። በትናንሽ ትንኞች የሚተላለፈው የአፍሪካ ፈረስ በሽታ መድኃኒት የለውም፤ መከላከያው ክትባት ነውና።

ውርንጭላ የሚነክሰው በክፋት አይደለም። አፉ እንደ እጅ የሚያገለግለው በመሆኑ ሁሉን ነገር በአፉ ይመረምራል፤ ከእኩዮቹም ጋር የሚጫወተው በመናከስ ነው። የፊት የወተት ጥርሶቹ በተወለደ በጥቂት ቀናት ውስጥ ብቅ ማለት ይጀምራሉ፤ እነዚህም ከሁለት ዓመት ተኩል እስከ አራት ዓመት ተኩል ገደማ በሌሎች ይተካሉ፤ በዚያን ጊዜ ድዱ ስለሚያመው ማኘክ ያበዛል። ዳቦ ወይም ስኳር ከእጅ የሚጐርስ ውርንጭላም እጅን ሁሉ ምግብ ይመስለዋል። በመጨረሻም ፍርሃት አለ፤ የፈረስ ዓይኖች በራሱ ጐንና ጐን ስለ ሆኑ ከግንባሩ ፊት ለፊት በቅርብ ያለውንና በቀጥታ ከኋላው ያለውን አያይም። ስለዚህ በድንገት ወደ አፍንጫው የሚዘረጋ እጅ ያስደነግጠዋል።

የማስለመዱ ሥራ በየቀኑ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቢሆን ይበቃል። አንድ ሰው እናቲቱን በጸጥታ ይያዝ፤ ሌላው በዝግታ እየተናገረ ወደ ውርንጭላው ግራ ትከሻ ይቅረብ፤ ከአፉ ፊት ግን አይቁም። ጋማው በሚያልቅበት ስፍራ በጣቶቹ ይከክለት፤ ፈረሶች እርስ በርሳቸው በጥርስ የሚተካከኩት በዚያው ነውና ደስ ይለዋል። ጸጥ ብሎ በቆመ ጊዜ እጁን አንሥቶ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይበል። ፈረስ ትምህርቱን የሚቀበለው የተጫነው ነገር በተነሣለት ቅጽበት ነው፤ የዘገየ ምስጋና ግን ትርጕሙ አይገባውም።

በሚቀጥሉት ቀናት እጁ ወደ አንገት፣ ወደ ጆሮ፣ ወደ ጕንጭ፣ በመጨረሻም ወደ አፍንጫ ይሻገር። ከዚህ በኋላ አፍሳሩን ያሽትተው፤ አንገቱና ፊቱም በእርሱ ይታሽ። ቀጥሎ የአፍንጫው ክፍል ለጥቂት ትንፋሽ ያህል ገብቶ ይውጣ፤ ይህን ያለ ሥጋት ሲቀበል ብቻ ከጆሮው ኋላ ይታሰር። ሁለት ጣት የሚያስገባ ልቀት ሊኖረው ይገባል። በገመድ መሳብ የሚመጣው ከሁሉም በኋላ ነው።

አፉን ከፍቶ ቢዞር በአጭር ድምፅ «ተው!» ማለትና በጕንጩ ላይ በተደረገ እጅ ራሱን በዝግታ ወደ ፊት መመለስ፣ ማከኩንም ማቆም ይገባል። ፊቱን በጥፊ መምታት ግን እጅን ሁሉ እንዲፈራና ቀድሞ እንዲነክስ ያስተምረዋል። የግሪኩ ዜኖፎን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ስለ ፈረስ አያያዝ በጻፈው መጽሐፍ፣ ሰው ተቈጥቶ ሳለ ፈረስን መያዝ እንደማይገባው አስተምሯል።

ለጋ ውርንጭላን ብቻውን ከግንድ አስሮ መተው አንገቱን ሊጐዳ ይችላል። አፍሳር እንዳጠለቀ ወደ መስክ መልቀቅም አደገኛ ነው፤ እግሩ ሊጠለፍበት ይችላልና።

ሰው የተነከሰ እንደ ሆነ ቍስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ለማዳ የነበረ ፈረስ በድንገት ተናካሽ ቢሆንና ለሐጩ ቢዝረበረብ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሳይነኩት ለብቻው ማግለልና ለእንስሳት ሐኪም ማስታወቅ ግዴታ ነው።

የቀበሌ ሹማምንትና የጋሪ ባለቤቶች ይህን ለጎረቤቶቻቸው ቢያስረዱ፣ በክትባት ቀን ፈረሶች ያለ ዱላና ያለ ሁከት ይቀርባሉ። ዛሬ በትዕግሥት የተያዘ ውርንጭላ ነገ ሕፃን ልጅ የሚስበው ፈረስ ይሆናል።